ብዙ ሰው ያላየው የ67 ደቂቃ ፊልም፦ ስለ «ፎር ዞዝ ኢን ፔሪል» ጥያቄና መልስ

እ.ኤ.አ. በ1944 ኢሊንግ የሚባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ በትንሽ በጀት የሠራው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊልም ነው። ባሕር ላይ የወደቁ አብራሪዎችን ፈልገው ስለሚያነሱ ጀልባዎች ነው የሚተርከው። ጥያቄ ያላችሁ ላኩ ብዬ ነበር፤ ከመጡት መካከል እነዚህን መልሻለሁ።

ታሪኩ ምንድን ነው? መጨረሻውን ሳትነግረን።

ሮውሊንግስ የሚባል ወጣት መኮንን ፓይለት መሆን ፈልጎ አልተሳካለትም። የደረሰው የነፍስ አድን ጀልባ ነው። ኩርፊያውን እንደያዘ ይመጣል፤ «ይሄ ደግሞ ሥራ ነው?» የሚል ፊት አለው። አለቃው መሬይ ግን ባሕሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እንግሊዝ ቻናል ላይ ይወድቃል። ሠራተኞቹ በአየር የተነፋች ትንሽ የጎማ ጀልባ ላይ ይወጣሉ። ጎማዋ ደግሞ ቀስ እያለች ፈንጂ ወደተቀበረበት ባሕር ትነዳለች። ከዚህ በኋላ ያለውን ራሳችሁ እዩት።

ፕሮፓጋንዳ ነው ወይስ ድራማ?

ሁለቱንም ነው። ጦርነቱ ሳያልቅ የአየር ኃይሉ ድጋፍ ሰጥቶት የተሠራ ፊልም ነው፤ ቅስቀሳ አይደለም ብሎ መከራከር አይቻልም። ደስ የሚለኝ የመረጠው መልእክት ነው። ለአብራሪውም፣ ቤት ሆና ለምትጠብቀው እናቱም «ብትወድቅ እንመጣልሃለን» ይላል።

ይህን ማለት ያስፈለገው በምክንያት ነው። በ1940 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በጀርመን የአየር ውጊያ ወቅት በፓራሹት ወርደው በሕይወት ውሃ ላይ ያረፉ ብዙ ፓይለቶች የሚያነሳቸው አጥተው ሞተዋል። ጀርመኖቹ በዚህ በኩል ይሻሉ ነበር፤ ውሃ ላይ የሚያርፉ የነፍስ አድን አውሮፕላኖች ነበሯቸው። እንግሊዞች ራሱን የቻለ የባሕር ነፍስ አድን ክፍል ያቋቋሙት በ1941 ነው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ13,000 በላይ ሰው አድኗል። በሌላ አነጋገር፣ ፊልሙ የሚያስተዋውቀው ነገር በተግባር የነበረ ነው። ስንት የጦርነት ፊልም እንዲህ ማለት ይችላል?

ታሪኩን የጻፈው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። መነሻው የሪቻርድ ሂላሪ አጭር ልብወለድ ነው። ሂላሪ አውስትራሊያ ተወልዶ እንግሊዝ ያደገ ተዋጊ ፓይለት ነበር። መስከረም 3 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ስፒትፋየር የሚባለው ተዋጊ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተቃጠለ፤ እሱም ፊቱና እጆቹ ተቃጥለው ባሕር ላይ ወደቀ። ውሃው ውስጥ ሆኖ ሲጠብቅ ማንም የሚመጣ አልመሰለውም። ተስፋ ሲቆርጥ የተንሳፋፊ ሰደርያውን አየር አስተነፈሰ፤ መስጠም ፈልጎ ነው። ግን የፓራሹቱ ጨርቅና ገመድ ደግፎ ያዘው። በተቃጠሉ ጣቶቹ ደግሞ ፓራሹቱን መፍታት አልቻለም። በኋላ ከማርጌት ከተማ የተነሣ የነፍስ አድን ጀልባ ደርሶ አወጣው።

ከብዙ ቀዶ ጥገና በኋላ ወደ በረራ ተመለሰ፤ ጥር 1943 እ.ኤ.አ. ሌሊት በልምምድ በረራ ላይ ተከስክሶ ሞተ። ዕድሜው 23 ነበር። ፊልሙን አላየውም። ጎማዋ ጀልባ ላይ ያሉት ሰዎች አድማሱን ሲቃኙ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

በጀቱ ትንሽ ከሆነ ያ ሁሉ ጀልባ ከየት መጣ?

የአየር ኃይሉ ነው። ከደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ፣ ኒውሄቨን ወደብ አካባቢ፣ በእውነተኛ ጀልባ እውነተኛ ባሕር ላይ ቀርጸውታል። ለእኔ የፊልሙ ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ነው። የጀልባው አፍንጫ ሲነሳና ውሃው ፊት ላይ ሲረጭ ማንም ማስመሰል አያስፈልገውም። ከስክሪፕቱ ጸሐፊዎች አንዱ ሃሪ ዋት ደግሞ ከዶክመንተሪ የመጣ ነው፤ ያስታውቃል። ሰዎቹ ወደ ክፍል ገብተው ማውራት ሲጀምሩ ግን ንግግሩ ይደርቃል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ቦታ መመሪያ የሚነበብ ይመስላል።

የማውቀው ተዋናይ አለበት?

ዴቪድ ፋራር። በ1947 «ብላክ ናርሲሰስ» ላይ አይታችሁት ይሆናል። ሮውሊንግስን የሚጫወተው ራልፍ ማይክል ነው።

ታዲያ ለምን ተረሳ?

ትልልቅ ኮከቦች የሉትም፣ አጭርም ነው። በዚያ ዘመን የአንድ ሰዓት ፊልም ብዙ ጊዜ ለዋናው ፊልም ማሟያ ነበር። ስለ ባሕር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሁሉም የሚጠራው የ1942ቱን «ኢን ዊች ዊ ሰርቭ»ን ነው።

የሚገርመው ከዚህች ትንሽ ፊልም የወጡት ሰዎች ናቸው። ዳይሬክተሩ ቻርልስ ክራይተን ከዚያ በፊት ኤዲተር ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራው ይህ ነው። በ1951 «ዘ ላቬንደር ሂል ሞብ»ን ሠራ፤ ከ70 ዓመቱ በኋላ ደግሞ «ኤ ፊሽ ኮልድ ዋንዳ»ን። እዚህ ጀማሪ ጸሐፊ የነበረው ቲ.ኢ.ቢ. ክላርክ በላቬንደር ሂል ኦስካር ወሰደ። ከካሜራ ባለሙያዎቹ አንዱ ዳግላስ ስሎኮምብ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኢንዲያና ጆንስ የቀረጸው እሱ ነው። ኢሊንግ ትንንሽ ሥራ እየሰጠ ሰው ያበስል ነበር ማለት ነው።

ከልጆች ጋር ይታያል?

ይታያል። ጥቁርና ነጭ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መጀመሪያው አካባቢም ዘገም ይላል።

እነዚያ ጀልባዎች ዛሬ አሉ?

በጣም ጥቂት። ኤችኤስኤል 102 የምትባለው በ1936 የተሠራች ናት፤ ታድሳ አለች። ሦስት ሞተር አላት፤ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጥ ነበር። አካሏ እንጨት ነው። ፈንጂ ወዳለበት ባሕር ይገቡ የነበረው በእንዲህ ዓይነት ጀልባ ነው።