የሸውሸዌ ዘር ለምን አልበቅል አለ? ለአንባቢዎቻችን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ዛፉ ሥር የወደቀ ፍሬ ለቅሜ ሁለት ጊዜ ሸውሸዌ ዘራሁ። የበቀለልኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ችግሩ ምን ይሆን?

መልስ፦ ችግሩ አለቃቀሙ ላይ ነው። መሬት ላይ የሚገኘው ፍሬ አብዛኛው አፉን ከፍቶ ዘሩን ያራገፈ ነው። የሚለቀመው ገና ዛፉ ላይ ሳለ፣ አረንጓዴው ለቆት ቢጫማ ቡናማ ሲሆንና አፉ ሳይከፈት ነው። ነፋስ በማይደርስበት ቦታ ጨርቅ ላይ ያስጡት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከፍቶ ክንፍ ያላቸው ደቃቅ ዘሮች ያረግፋል። በአንድ ኪሎ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዘር ስለሚገኝ ትንሽ ሽውታ እንኳ ጠርጎ ይወስደዋል። ሳይውል ሳያድር ይዝሩት፤ ለወራት ደጅ ከቆየ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል። ማቆየት ግድ ከሆነ በደንብ አድርቀው፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት።

ለመዝራት አሸዋና የተነፋ አፈር እኩል ደባልቀው ሣጥን ይሙሉ፤ ዘሩን በትነው ግማሽ ሴንቲ ሜትር አሸዋ ብቻ ያልብሱት። ጠልቆ ከተቀበረ ቡቃያው አፈሩን ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራል። እስከዚያው ትልቁ ጠላቱ ጉንዳን ነው፤ ዘሩን አንድ በአንድ ለቅሞ ይጨርሰዋል። ሣጥኑን እግር ባለው መደብ ላይ አስቀምጠው እግሮቹን ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ያቁሟቸው። ቡቃያው አንገቱ ጠቁሮ ከወደቀ ውሃ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ውሃውን ይቀንሱ፣ ነፋሻ ቦታም ይስጡት።

ጥያቄ፦ ችግኞቼ አንድ ጣት ያህል አድገው ቆሙ፤ መልካቸውም ቢጫ ሆኗል። ዩሪያ ልጨምርባቸው?

መልስ፦ አይጨምሩ። ሸውሸዌ ሥሩ ላይ ከሚኖር ፍራንኪያ ከተባለ ባክቴሪያ ጋር ተባብሮ ናይትሮጂንን ከአየር ይወስዳል። ዩሪያ ሲበዛ ይህ ሽርክና ይዳከማል። ከጤናማ ትልቅ ሸውሸዌ ሥር፣ ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ይውሰዱና አንድ እጁን ከ10 እጅ የችግኝ አፈር ጋር ይደባልቁ። ከወራት በኋላ አንዱን ችግኝ ነቅለው ሲያዩ ሥሩ ላይ ትንንሽ፣ ቅርንጫፍ ያላቸው እባጮች ካሉ ተሳክቶልዎታል። አፈሩን ከደረቀ ወይም ከታመመ ዛፍ ሥር እንዳይወስዱ አደራ፤ በሽታውንም አብረው ያመጣሉ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ባሕሩ አጠገብ ነው። ጨዉን ይችለዋል? ከቤቱስ ምን ያህል ይራቅ?

መልስ፦ ጨው ያዘለ ነፋስና ደካማ አሸዋማ አፈር የለመደው ኑሮው ነው። የማይወደው ሥሩ ሥር የሚተኛ ውሃ ነው። ዛፉ 30 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል፣ ሥሩም ወደ ጎን ርቆ ስለሚሄድ ከግድግዳ፣ ከቧንቧና ከፍሳሽ መስመር 15 ሜትር ያርቁት። ብርቱ ማዕበል በሚመታው አካባቢ ዛፉ ከነሥሩ ሊገነደስ ይችላል። ከመትከልዎ በፊት የአካባቢዎን ሕግ ይጠይቁ፤ ለምሳሌ በፍሎሪዳ ወራሪ ተብሎ ተከልክሏል።

ጉድጓዱ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ችግኙን ከላስቲኩ ሲያወጡ የሥሩን ታች ይመልከቱ፤ ተጠምጥሞ ከሆነ ጥምጥሙን በስለት ቆርጠው ይጣሉት። በዚህ ላይ ቸልታ አያስፈልግም፤ የተጠመጠመ ሥር ዛፉን ዓመታት ቆይቶ ይጥለዋል። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለቴ አሥር አሥር ሊትር ያጠጡት።

ጥያቄ፦ የሸውሸዌ አጥራችን ስለረዘመብን እስከ ግንዱ ቆረጥነው። እስካሁን አላቆጠቆጠም።

መልስ፦ በባሕር ዳርቻ የሚበቅለው የሸውሸዌ ዝርያ ከአሮጌ እንጨት ማቆጥቆጥ አይሆንለትም። ቅጠል የሚመስለውን አረንጓዴ መርፌ ሳብ ቢያደርጉት አንጓ በአንጓ ይላቀቃል፤ ቀጭን ቅርንጫፍ ነው። እውነተኛዎቹ ቅጠሎች በየአንጓው ዙሪያ የተደረደሩት ጥርስ የሚመስሉ በጣም ደቃቅ ቅርፊቶች ናቸው። ዛፉ ምግቡን የሚሠራው በአረንጓዴው መርፌ ስለሆነ መቀስ ከእርሱ አልፎ ወደ ቡናማው እንጨት መግባት የለበትም። አጥር የሚፈልግ ሰው ችግኙ አንድ ሜትር ሳይሞላ ጀምሮ ጫፍ ጫፉን ደጋግሞ ይከርክመው። የእናንተ ግንድ ቅርፊቱ ሲፋቅ ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ አንድ የዝናብ ወቅት ይጠብቁት፤ ደርቆ ከሆነ ነቅላችሁ ክፍተቱን በአዲስ ችግኝ ሙሉት።