ከሙከራ ጊዜ እስከ ቅሬ፦ የኮምቦልቻ ተማሪዎች ጥያቄዎች

ባለፈው ቅዳሜ ለፈተና ከሚዘጋጁ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። ግማሾቹ ቀን ፋብሪካ ይሠራሉ፣ ማታ ይማራሉ። በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ረጅም ዓመት ስለቆየሁ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ጋሼ፣ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነው ወይስ 60? ደብተሬ ላይ 45 ይላል።

ደብተርሽ የድሮውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ይዞ ቀርቷል። አሁን የሚሠራው አዋጅ 1156/2011 ነው። በእሱ ሙከራ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። «የሥራ ቀናት» የሚለውን አስምሪበት። የዕረፍት ቀን ስለማይቆጠር በካላንደር ከሁለት ወር ያልፋል። ደግሞ ሙከራው በጽሑፍ መሆን አለበት። አለቃ በቃል «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» ስላለ ብቻ ሙከራ አይሆንም።

ውል ካልፈረምኩስ? መብት የለኝም?

አለህ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል። ባይሰጥህም መብትህ አይቀርም።

ኦቨርታይም እንዴት ይሰላል?

ይህን የጠየቀችኝ ልጅ የደመወዝ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ከስልኳ ሽፋን ውስጥ አወጣች። ደመወዟ 4,160 ብር ነው። በዚያ ወር 10 ሰዓት የሌሊት ኦቨርታይም ሠርታለች። የተከፈላት 200 ብር ነው። ደብተር አወጣንና አብረን አሰላነው።

መደበኛው ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በ52 ሳምንት አባዝታችሁ ለ12 ወር ስታካፍሉት 208 ሰዓት ይመጣል። 4,160 ለ208 ሲካፈል በሰዓት 20 ብር። አዋጁ ለቀን ኦቨርታይም 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈል ይላል። የሷ የሌሊት ነው፤ በሰዓት 35 ብር። ለ10 ሰዓት 350። 150 ብር ጎድሎባታል። ልጅቷ ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። እኔም ተናደድኩ፤ 150 ብር ለሷ የሳምንት ታክሲ ነው።

የአማራጭ ዋጋ ምንድነው? ትርጉሙን ሸምድጄዋለሁ፣ ግን አልገባኝም።

አንድ ነገር ስትመርጥ የተውከው የተሻለው ሌላ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ዋጋው የምትከፍለው ብቻ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብተህ ልታገኝ የምትችለው ደመወዝም ዋጋ ነው። ማንም አይጠይቅህም፣ ግን ከፍለኸዋል።

የእኛ ቅሬ ኢንሹራንስ ነው?

ቅሬ፣ ማለትም እድራችን፣ ከኢንሹራንስ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ አዋጥቶ አንዱ ላይ የወደቀውን ሸክም ይካፈላል። በቅሬ ግን ሁሉም እኩል ያዋጣል። መድን ድርጅት አረቦኑን፣ ማለትም የመድን ክፍያውን፣ እንደ አደጋው መጠን ይተምናል፤ የሚከፍለውም ውሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ቅሬ መቃብር ይቆፍራል፣ ከሐዘንተኛ ጋር ይቀመጣል። ይሄን በአረቦን አታገኙትም። ለፈተናው ግን «አደጋን መጋራት» ብላችሁ ጻፉ።

የአባቴ አይሱዙ ሐረጎ መንገድ ላይ ተገለበጠች። የሦስተኛ ወገን መድን ነበረን፤ ለምን አልከፈሉንም?

እግዜር ሰው አተረፈ። ሦስተኛ ወገን በሕግ ግዴታ የሆነው መኪናችሁ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው። ለራሷ ለአይሱዟ ሌላ ሽፋን መግባት ነበረባችሁ። ይህን ሲገቡ የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ስንት ቤተሰብ ይተርፍ ነበር።

አለቃዬ ከሥራ ለቀረ ጓደኛው ፈርሚለት አለኝ። ይሄ ሥነ ምግባር ነው ወይስ ሕግ?

ሁለቱም። አትፈርሚ። ፊርማው የአንቺ ነው፤ ሲጣራ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

ቀጣሪዬን ቆይቼ ብከስስስ?

ቀኑን እንዳታሳልፉ። ያለ አግባብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው 3 ወር ነው። ለደመወዝና ለኦቨርታይም 6 ወር ነው፤ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ይቆጠራል።

ወዲያው ኦቨርታይም ወደጎደለባት ልጅ ዞሬ የደመወዝ ወረቀቱ የመቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። አራት ወር ሆኖታል። ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።