ለእናትሽ ክፍል የትኛው ሂት ፓምፕ ይሻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስድስት ኪሎ አካባቢ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ ትኖራላችሁ። የታኅሣሥ ብርድ እናትሽን ጉልበታቸውን ይዟቸዋል። ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀት ከደጅ ስቦ ቤት የሚያሞቀውን ማሽን፣ ልትገዢ ስትጠያይቂ አንዱ ከአየር፣ አንዱ ከመሬት፣ አንዱ ከውሃ የሚስበውን እያለ ግራ አጋባሽ። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ እናቴም ከእኔ ጋር ናት። ብርዱን በሂት ፓምፕ ስናሳልፍ ይኼ ሦስተኛ ዓመታችን ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ ከሰል ልንገርሽ። ክፍሉን ዘግታችሁ ማንደጃ የምታስገቡ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ተዉት። የጋመ ከሰል ጭሱ ባይታይም አየሩን ይመርዛል፤ መርዙ ደግሞ ሽታ የለውም። አክስቴን አንድ ጥር ራሷን ስታ ነው በረንዳ ያወጣናት። እግዜር ይመስገን ተርፋለች። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ማንደጃ የሚገባው ለቡና ብቻ ነው፤ ያውም በር ተከፍቶ።

ሂት ፓምፕ አሠራሩ እንደ ፍሪጅ ነው። ፍሪጅሽን ከጀርባው ንኪው፤ ይሞቃል። ሙቀቱ ከውስጥ ካለው ወተትና ወጥ ተስቦ የወጣ ነው። ሂት ፓምፕ ደግሞ ከደጅ አንስቶ ቤት ውስጥ ያራግፋል። «ደጁ ራሱ በርዶ ምን ሙቀት አለው?» ትይኝ ይሆናል። በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ግን ሳይጨመቅ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላ ነው። ለሱ የእኛ የሌሊት 8 ዲግሪ ሙቅ ነው። ከደጁ አየር ሙቀት ወስዶ ይተናል፣ ኮምፕረሰሩ ጨምቆ ያግለዋል፣ ቤት ሲገባ ሙቀቱን ለቆ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና እንደገና ይወጣል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ ነፍተሽ ታውቂ እንደሆነ ፓምፑ ሲግል አይተሻል። ሲጨመቅ መጋል ማለት ያ ነው።

ጥቅሙን ቆጣሪው ላይ ታዪዋለሽ። ተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 2000 ዋት ወስዶ የ2000 ዋት ሙቀት ይሰጥሻል፤ ከዚያ አያልፍም። ጥሩ ሂት ፓምፕ በእኛ አየር 700 ዋት ያህል ወስዶ ከ2000 ዋት በላይ ሙቀት ያስገባል። የእንጀራ ምጣድሽ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ይወስዳል፤ ከዚያ ጋር አስተያዪው።

ወደ ዓይነቶቹ ልምጣ። ከመሬት የሚስበው ቱቦ ሰፊ ግቢ ውስጥ አንድ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀበራል፤ ወይም መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ታች ይቆፈርለታል። ስዊድን ውስጥ የተለመደ ነው። እዚያ አየሩ ከዜሮ በታች 15 ሲገባ መሬቱ ውስጡ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። እኛ ዘንድ ግን የአየሩና የመሬቱ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ የቁፋሮው ብር አይመለስም። ፍልውሃን የሚያነሳ ሰው ካጋጠመሽ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ውሃው ራሱ ከመሬት ሞቆ የሚወጣ ስለሆነ ኮምፕረሰር አያስፈልገውም። ከውሃ የሚስበው ወንዝ ወይም ጉድጓድ ይፈልጋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ የዙሪክ ማዘጋጃ ቤት በ1938 እ.ኤ.አ. ከሊማት ወንዝ ሙቀት እየሳበ መሞቅ ጀምሯል። ከአየር ወደ ውሃ የሚባለው ውሃ አሙቆ በወለል ሥር ቱቦ ወይም በራዲያተር ያዞራል። ቱቦ ላልተዘረጋለት ቤት ወለል ማፍረስ ነው፤ ይቅርብሽ።

ለእናትሽ ክፍል የሚሆነው ከአየር ወደ አየር የሚለው ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኢንቨርተር ኤሲ (ኮምፕረሰሩ እንደ ብርዱ ፍጥነቱን የሚቀያይር) ማለት ነው፣ ማሞቅም የሚችል ከሆነ። እኔ የተታለልኩት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የገዛሁትን ሻጩ «ሙቅም ቀዝቃዛም ነው» አለኝ፤ ሪሞቱም ላይ የፀሐይ ምልክት አለ። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነፋስ ስር ተኮራምታ አደረች። ጠዋት ከማሽኑ ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳነብ የማሞቂያው መስመር ባዶ ነው። ስለዚህ ብር ከመክፈልሽ በፊት ያን ጽሑፍ አንብቢ። የማሞቅ አቅሙና ለማሞቅ የሚወስደው ኃይል ለየብቻ መጻፍ አለባቸው፤ አቅሙም የሚወስደውን ሦስት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ውስጡ ያለው ተራ የማሞቂያ ሽቦ ነው።

ሌላው ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያገኘው አየር ስለሚያንስ ማሽኑ የተጻፈለትን ያህል አይሰጥም። ከሚበቃሽ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰጂ።

አምና ታኅሣሥ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ማሽኑ በድንገት ዝም አለ። በረንዳ ስወጣ ደጅ ከተሰቀለው የማሽኑ አካል ነጭ እንፋሎት ይነሳል፣ ከሥሩ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የተቃጠለ መስሎኝ ብሬከሩን አጠፋሁት። ለካ የያዘውን ውርጭ እያቀለጠ ነበር። ለጥቂት ደቂቃ አሠራሩን ገልብጦ ሙቀቱን ወደ ውጪ ይልክና ይመለሳል። አንቺም ብታዪው እንዳትደነግጪ፣ እንዳታጠፊውም።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ኮርኒሱን እዪው። የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ሙቀት ይይዛል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነና ከላዩ ባዶ ቆርቆሮ ካለ ግን የከፈልሽበት ሙቀት በዚያ ይወጣል። በቺፑድ አስመቺው፣ የበሩን ሥር ድፈኚ። ማሽኑን 20 ወይም 21 ላይ አድርገሽ በቀስታ ይሥራ፤ 30 ማድረግ ቶሎ አያሞቀውም። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ የማሽኑን የአየር መውጫ ወደ ታች አዙሪው። መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታብላይዘር አትርሺ። መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት ደግሞ ጋቢው ከአልጋው አይራቅ።

የክፍሉን ርዝመትና ወርድ፣ ኮርኒሱም ምን እንደሆነ ጻፊልኝ። የማሽኑን መጠን አብረን እናወጣዋለን። እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።