የድረ ገጾችን የመረጃ አያያዝ ጉድለት ይፋ ስለማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ድረ ገጾች የጎብኚዎችን መረጃ ለማን እንደሚያቀብሉ የሚመረምሩት አባላችን ዛሬ ጥያቄዎችን ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ ሕግ እያለ ጉድለትን በአደባባይ ማውጣት ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ሕግ ከሳሽ ይፈልጋል፤ ጊዜም ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዘ ማርካፕ የተባለ የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም የአሜሪካን 100 ስመ ጥር ሆስፒታሎች ድረ ገጾች ፈትሾ በ33ቱ ላይ የሜታን ፒክስል አገኘ። ፒክስል ማለት ጎብኚው የሚያደርገውን ለሌላ ወገን የሚያሳብቅ ትንሽ ኮድ ነው። ሕመምተኛው ቀጠሮ ለመያዝ ሲጫን መረጃው ለፌስቡክ ባለቤት ለሜታ ይደርስ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ላይ የሐኪሙ ስም ሳይቀር። ጋዜጠኞቹ ሆስፒታሎቹን ሲጠይቁ ከፊሎቹ ወዲያው ፒክስሉን አነሱት። ለዚያ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላስፈለገም።

ጥያቄ፦ የትኛው ድረ ገጽ ነው አስተማማኝ?

መልስ፦ በምን መለኪያ? ለይተው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔም መመርመር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ንጹሕ የማሰሻ (ብሮውዘር) መስኮት ይክፈቱ። ማሰሻው ውስጥ ካለው የገንቢዎች መሣሪያ (ዴቨሎፐር ቱልስ) የኔትወርክ ክፍሉን ያብሩና ገጹን ይክፈቱ። የኩኪ (ድረ ገጹ በማሰሻዎ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ) ፈቃድ ጥያቄው ሲመጣ ምንም አይንኩ! ፈቃድ ሳይሰጡ ወደ ሌሎች አድራሻዎች የወጣው ጥሪ ሁሉ እዚያው ተዘርዝሮ ይታያል። ይመዝግቡት። ቀጥሎ «አልቀበልም» ብለው ይድገሙት። ውጤቱን ሲያወጡ ባንክን ከባንክ፣ ጋዜጣን ከጋዜጣ ጋር ያወዳድሩ፤ ኩባንያን ከምንም በላይ የሚያንቀሳቅሰው ከተፎካካሪው በታች ተሰልፎ መታየቱ ነው። ነገር ግን ከማውጣትዎ በፊት ለባለቤቱ ይጻፉለት። ደግሞም ከውጭ የሚታየው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ውስጥ የሚሆነውን ማንም ከውጭ አያይም።

ጥያቄ፦ ለማረም ስንት ቀን ልስጣቸው?

መልስ፦ ለመከታተያ ኮድ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ሰርጎ ገብ የሚጠቀምበት ክፍተት ካገኙ ግን እስኪደፈን አያውጡት።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ትንንሽ ድርጅቶችን ማዋረድ ነው። ኮዱ ምን እንደሚሠራ እንኳን አያውቁም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ አለማወቅ የጎብኚውን መረጃ አይመልስም። ትልልቆቹስ? የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩኪን መቀበል ቀላል፣ እምቢ ማለት ግን አስቸጋሪ አድርገዋል ብሎ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። እነዚህ አያውቁም ነበር?

ሦስተኛ አባል፦ ማሰሻ መቀየር አይሻልም? ፋየርፎክስ ወይስ…

መልስ፦ የማሰሻ ክርክሩ ይቅር። ትንንሾቹን በተመለከተ ግን የመጀመሪያው አባል እውነት አላቸው፤ ስለዚህም ነው አስቀድማችሁ ጻፉላቸው የምለው።

ጥያቄ፦ ኤችቲቲፒኤስ (በማሰሻውና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውን መረጃ የሚመሰጥር ዘዴ) ካለ በቂ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። የሚጠብቀው መንገዱን እንጂ ተቀባዩን አይደለም፤ ፒክስሉም በዚያው በተመሰጠረ መስመር ይሄዳል። ሆኖም የኤችቲቲፒኤስ መስፋፋት ራሱ ትምህርት ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ዲጂታል የምስክር ወረቀት በነጻ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ደግሞ የጉግል ማሰሻ ክሮም ምስጠራ በሌለው ገጽ ሁሉ አድራሻ አጠገብ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ጉድለቱ በጎብኚው ዓይን ፊት ዋለ፤ መፍትሔውም ገንዘብ አልጠየቀም። ሁለቱ ሲገናኙ ባለቤቶች ይንቀሳቀሳሉ። ጉድለቱን ብቻ ጽፈው ማረሚያውን የማይጽፉ መርማሪዎች ይህን ይዘነጋሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትኛው ድረ ገጽ ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኩባንያው ካረመ በኋላ ስሙን ልሰርዝ?

መልስ፦ አይሰርዙ። የቀድሞውን ውጤት ከነቀኑ ያቆዩ፣ እርማቱን ከጎኑ በግልጽ ይጻፉለት፣ ከጥቂት ወራት በኋላም እንደገና ይለኩ። አዲስ የማስታወቂያ ዘመቻ ሲጀመር የተነሳው ኮድ ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን አስቀድመው ለባለቤቱ ይጻፉ።