ስለ ፉቲ የፍጻሜ ጨዋታና ስለ አንዷ ነጥብ፦ ጥያቄና መልስ

መልስ የሚሰጡት በሜልበርን ፉትስክሬይ ሰፈር የሚኖሩና የአውስትራሊያን ፉትቦል (ፉቲን) ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ አባላችን ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ2023ቱ ፍጻሜ ብሪዝበን 13 ጎል አግብቶ፣ 12 ጎል ባገባው ኮሊንግውድ እንዴት ይሸነፋል? ዳኛው አዳልቷል?

መልስ፦ ማንም አላዳላም። ጎል 6 ነጥብ ነው። ኳሷ በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል ሳይሆን በረጅሙና ከጎኑ ባለው አጭር ቋሚ መካከል ስታልፍ፣ ወይም የጎሉን ቋሚ ስትነካ፣ ወይም ከተመታች በኋላ የተጫዋች እጅ ነክቷት ስትገባ ግን ቢሃይንድ ይባላል፤ ዋጋውም 1 ነጥብ ነው። ኮሊንግውድ በ12 ጎልና በ18 ቢሃይንድ 90 ነጥብ፣ ብሪዝበን በ13 ጎልና በ8 ቢሃይንድ 86 ነጥብ ያዙ። የጎሉን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ድምሩን አንብቡ።

ጥያቄ፦ የዘንድሮውን ፍጻሜ ትኬት በምን መንገድ ማግኘት ይቻላል? ማንስ ያሸንፋል?

መልስ፦ ትኬት አልሸጥም፤ ትንበያም አልሰጥም።

ጥያቄ፦ በ2010 ፍጻሜው ሁለት ጊዜ ተካሄደ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መስከረም 25 ቀን ኮሊንግውድና ሴንት ኪልዳ በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ 100,016 ተመልካች ፊት ተገናኙ። በዕረፍት ሰዓት ኮሊንግውድ በ24 ነጥብ ይመራ ነበር፤ በመጨረሻው ሩብ ግን ብሬንደን ጎዳርድ ከሰው በላይ ዘሎ በአየር ላይ የያዛትን ኳስ ጎል አድርጎ ሴንት ኪልዳን አስቀደመ፤ ኮሊንግውድም መልሶ በ1 ነጥብ መራ። ጥቂት ደቂቃ ሲቀር የሴንት ኪልዳው ሌኒ ሄይስ ከሩቅ የመታት ኳስ ወደ ጎሉ አፍ መጣች። የቡድን ጓደኛው ስቴፈን ሚልን ሊይዛት ተዘጋጅቶ ሳለ ሞላላዋ ኳስ መሬት ነክታ እርሱ ባልጠበቀው አቅጣጫ ነጠረችና በጎን በኩል ወጣች፤ ቢሃይንድ ሆነች፤ 68 ለ68። እኔ በጎረቤቴ ቤት ነበር የተመለከትኩት፤ ቶናው ተቀድቶ ሲኒው በእጃችን እንዳለ የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ሲጮኽ፣ ሜዳው ላይ ተጫዋቾቹ ባሉበት ሣሩ ላይ ቁጭ ሲሉ፣ ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው አልተናገረም። የሚያለቅስ እንጂ የሚጨፍር አልነበረም። ሴንት ኪልዳ በጎል ብዛት 10 ለ9 በልጦ ነበር፤ ድምሩ ግን እኩል ነበር። በሳምንቱ በድጋሚ ተጫውተው ኮሊንግውድ 108 ለ52 አሸንፎ ዋንጫውን በላ።

አንድ አባል፦ ድጋሚ ጨዋታው ትክክል ነበር። ዓመቱን ሙሉ የለፉ ቡድኖች በድካም በጥቂት ደቂቃ ሊለያዩ አይገባም።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። ከሩቅ የመጣ ደጋፊ ሌላ ሳምንት ወጪውን ከየት ያመጣል?

ሦስተኛ አባል፦ እንደ እኛ እግር ኳስ በፍጹም ቅጣት ምት ለምን አይለያዩም?

መልስ፦ ክርክሩን እዚህ ላይ ብታቆሙልኝ እወዳለሁ። ከ2016 ጀምሮ ድጋሚ ጨዋታ ቀርቶ ተጨማሪ ሰዓት ተተክቷል፤ ጉዳዩ ያለቀ ነው።

ጥያቄ፦ ፉቲ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በጣም ሰፊ ነው። አንድ ጨዋታ ይመልከቱና የተወሰነ ጥያቄ ይዘው ይምጡ።

ጥያቄ፦ ተከላካይ ኳሷን ሆን ብሎ በራሱ ጎል ያሳልፋል ሲባል ሰምቻለሁ። ለምን?

መልስ፦ ይህን ነው ጥያቄ የምለው። ተከላካይ ሲጨንቀው ኳሷን በራሱ የጎል መስመር ቢያሳልፋት የሚያጣው 1 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከዚያም ኳሷን ከጎሉ ፊት መትቶ ጨዋታውን የሚያስጀምረው የራሱ ቡድን ነው። ጎል ቢቆጠርበት ግን 6 ነጥብ ያጣል፤ ኳሷም ወደ መሐል ሜዳ ትመለሳለች። በ2008ቱ ፍጻሜ ሆውቶርን ይህንኑ ስሌት በጂሎንግ ላይ ደጋግሞ ተጠቀመበት፤ ጂሎንግ 11 ጎልና 23 ቢሃይንድ ይዞ 89 ላይ ሲቀር፣ ሆውቶርን በ18 ጎልና በ7 ቢሃይንድ 115 አግኝቶ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ተለወጠ፤ ተጋጣሚ ሳያስጨንቀው ሆን ብሎ ያሳለፈ ተከላካይ ለተጋጣሚው ቅጣት ምት ያሰጣል። አንዷን ነጥብ የሚንቅ ሰው ይህን ፍጻሜ አንድ ጊዜ እንዲያይ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ብዙ ጎል ያገባ ቡድን አሸናፊ ነው አይደል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ድምሩን አንብቡ።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳ የምኖረው ፉትስክሬይ ነው፤ የሰፈራችን ቡድን ዌስተርን ቡልዶግስ ስንት ጊዜ ዋንጫ በልቷል?

መልስ፦ በ1954 እና በ2016፣ ሁለት ጊዜ። በ2016 ሲድኒን 89 ለ67 ሲያሸንፉ፣ በጉዳት ያልተጫወተውን አምበል ቦብ መርፊን አሰልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ ወደ መድረክ ጠርቶ የራሱን ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ጎረቤቴ ስለሆኑ ነው ይህን ያህል የጻፍኩልዎ።

ጥያቄ፦ ሴንት ኪልዳስ ከቶ ዋንጫ በልቶ ያውቃል?

መልስ፦ አንድ ጊዜ፣ በ1966። ተጋጣሚው ያው ኮሊንግውድ ነበር። ሁለቱም እኩል 10 ጎል ሲኖራቸው፣ በመጨረሻ ባሪ ብሪን የመታት ኳስ ቢሃይንድ ሆና ሴንት ኪልዳ 74 ለ73 አሸነፈ።