ከበልግ በፊት ጣራዎን ያስመርምሩ

ጥያቄ፦ ክቡራን አዘጋጆች፣ ፍሎሪዳ የምትኖረው ልጄ ሀሪኬን ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር መስኮቷን በጣውላ ሸፍና፣ ውሃና ምግብ አከማችታ እንደምትጠብቅ ትነግረኛለች። እኔ የምኖረው ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ፣ ቆርቆሮ በለበሰ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ነፋስ የጎረቤቴን ጣራ ከነሞራሌው ገንጥሎ መንገድ ላይ ጣለው። ሀሪኬን እኛም ዘንድ ይደርሳል? ቤቴንስ እንዴት ላዘጋጅ?

እናት አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ እናታችን፣ ሀሪኬን ጅማ አይደርስም። ይህ አውሎ ነፋስ የሚወለደው ከ26 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሞቀ ውቅያኖስ ላይ ሲሆን፣ ሀሪኬን የሚባለውም ፍጥነቱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው፤ የብስ ላይ ሲወጣ ግን ኃይል የሚሰጠው የባሕር እንፋሎት ስለሚቋረጥበት ይዳከማል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሶማሊያን የመታው፣ ጋቲ የተባለው የዚሁ ዓይነት አውሎ ነፋስ እንኳ፣ በዚያች አገር ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ሆኖ ሳለ፣ ምድር ከነካ በኋላ ፈጥኖ ደክሟል። የጎረቤትዎን ጣራ የወሰደው ከነጎድጓድ ደመና ሥር ከዝናቡ ጋር ቁልቁል ወርዶ መሬት ላይ የሚበተነው ቀዝቃዛ ነፋስ ሳይሆን አይቀርም።

ልጅዎ ማስጠንቀቂያ የሚደርሳት ከቀናት በፊት ነው። እርስዎ ዘንድ ግን ነፋሱ ሰማዩ በጠቆረ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርስ፣ ሥራው ቡናው ተለቅሞ እጅም ገንዘብም በሚገኝበት በጥርና በየካቲት፣ የመጋቢት ዝናብ ሳይጀምር ማለቅ አለበት።

ነፋስ ቆርቆሮን ብዙውን ጊዜ የሚገነጥለው ከክፈፉ ሥር ገብቶ ወደ ላይ በማንሣት ስለሆነ፣ አናጺው መሰላል ላይ ወጥቶ የክፈፉን ቆርቆሮ ከሥር በእጁ ገፋ ያድርገው፤ ከተንኳኳ ሚስማሩ ላልቷል። የላላውን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ መልሶ መምታት ከንቱ ድካም ነው፤ አጠገቡ፣ ጤነኛ እንጨት ላይ፣ አዲስ የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው ይመታ፣ አሮጌው ቀዳዳም ይደፈን። ጣራ ከነሞራሌው የሚነሣው ግን ሚስማሩ ጠንክሮ ወራጁ ከግድግዳው ጋር በሚገባ ሳይታሰር ሲቀር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ወራጅ ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ ተጠምጥሞ ይታሰር። ጣራ ላይ ድንጋይ መጫን የተለመደ ቢሆንም እኛ አንመክረውም፤ ነፋሱ ሲበረታ ድንጋዩም ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። መስኮት በጣውላ መሸፈኑንም ይተዉት፤ ገንዘቡ ለሚስማርና ለሽቦ ይዋል።

ወንዙን በተመለከተ፣ በግቢዎ ዙሪያ ያለው ቦይ ከፌስታልና ከፕላስቲክ ጠርሙስ ይጽዳ፤ የቤት ካርታና መታወቂያ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልለው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ፤ ንጹሕ ውሃም በጀሪካን ይኑርዎት፣ ጎርፍ የነካው የጉድጓድ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣምና። ጎርፍ ወደ ቤት መግባት ከጀመረ፣ እጅዎና የቆሙበት ቦታ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ፤ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካዩ ማንም ሳይጠጋው በ905 ይደውሉ።