የሻለቃው የሕይወት ታሪክ

ጥያቄ፦ አባታችን ሻለቃ ነበሩ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተመርቀው ኦጋዴን ዘምተዋል፤ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጅማ ገብተው ሂርማታ ገበያ ቡና ሲነግዱ ኖሩ። የቀብራቸው ዕለት በጥድፊያ የሕይወት ታሪካቸው ሳይነበብ ቀረ። በአርባቸው እናንብብ ስንል ወንድሜ «የደርግን ነገር አታንሱ፣ ነጋዴ ነበሩ በሉ» ይላል። እናቴ ደግሞ ኒሻኖቻቸው ፎቶው ሥር ይደርደሩ ትላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከጅማ)

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ። እኔ ከእናትሽ ጋር ነኝ። የወንድምሽ ሥጋት ይገባኛል፤ ግን በዚያው በኦጋዴን ጦርነት ካራማራ ላይ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድል የተደረገው የሶማሊያ ወራሪ ጦር ነው። ይህን ለመናገር ደርግን ማወደስ አያስፈልግም።

ጽሑፉ ላይ መቼ እንደተመረቁ፣ የት እንደዘመቱ፣ ማዕረጉን መቼ እንዳገኙ ይስፈር። «ጀግናው፣ ቆራጡ» የሚለውን ቀንሱት። ከአንድ ገጽም አይለፍ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ለቀስተኛው ቡናው ደረሰ ወይ እያለ ወደ ጓዳ ማየት ይጀምራል።

ንግዱን ግን በአንድ መስመር አትዝለሉት። ወታደር ሲያዙ የኖሩ መኮንን ደመወዛቸው ድንገት ቀርቶ፣ ገበያ መሀል ሚዛን ይዘው ልጆች ማሳደጋቸው ለእኔ ከጦር ሜዳው ይከብዳል።

ኒሻኖቹ ይውጡ፤ ድንኳን ውስጥ ሰው ስለሚበዛ አንድ ዘመድ አጠገባቸው ይቀመጥ። አብረዋቸው የዘመቱ ጓደኞች ካሉም ጽሑፉን አስቀድማችሁ አሳዩአቸው፤ የክፍለ ጦርና የግንባር ስም ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ያምታታል።